የባክአፕ ቴፕ ምስጠራ፦ በድራይቩ ወይስ በሶፍትዌሩ?

ቴፕ ከቢሮ እንዲወጣ ተብሎ የሚጻፍ ነገር ነው። ባክአፕ (የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ) ይገለበጥበታል፣ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ በመኪና ተጭኖ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ጥቅሙም አደጋውም እዚያው መንገድ ላይ ነው። በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባንክ ኦፍ አሜሪካ የ1.2 ሚሊዮን ገደማ የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞች መረጃ ያለባቸው ቴፖች እንደጠፉበት አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሲቲግሩፕ የ3.9 ሚሊዮን ደንበኞች መረጃ የያዙ ቴፖች በዕቃ አድራሽ እጅ እያሉ ጠፉበት። በ2011 ደግሞ የ4.9 ሚሊዮን የአሜሪካ ወታደራዊ የጤና መድን ተጠቃሚዎችን የሚመለከቱ ቴፖች ከአንድ ሠራተኛ መኪና ውስጥ ተሰረቁ። ከሦስቱ በአንዱም ኔትወርክ ሰብሮ የገባ ሰው የለም። ቴፑ ጠፋ፣ በቃ።

ስለዚህ ይመስጠር ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር አልቋል። ከቢሮ የሚወጣ ቴፕ ይመሰጠራል። የቀረው ማን ይመስጥረው የሚለው ነው፦ ቴፑን የሚጽፈው ድራይቭ ወይስ ባክአፑን የሚሠራው ሶፍትዌር? ሻጮች ብዙ ጊዜ መልሱን በፍጥነት ይለኩታል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የዛሬው ሰርቨር ተጥሎ፣ የዛሬው ባለሙያ ሥራ ለቅቆ፣ ያንን ቴፕ ማን ይከፍተዋል?

አማራጮቹ አራት ናቸው

ድራይቩ መመስጠር ይችላል፣ ቁልፍ ግን ከራሱ አያመጣም። ከውጭ የሚሰጠው ይፈልጋል። ስለዚህ "በሃርድዌር ነው የምንመሰጥረው" ያለ ሰው ገና ግማሹን ነው የነገራችሁ። ቁልፉን ማን እንደሚሰጥ ሲጨመር አማራጮቹ እንዲህ ይሆናሉ።

1. ድራይቩ ይመሰጥራል፣ ቁልፉን የባክአፕ ሶፍትዌሩ ይሰጠዋል።
2. ድራይቩ ይመሰጥራል፣ ቁልፉን የቴፕ ላይብረሪው (ብዙ ቴፖችን ይዞ ወደ ድራይቭ የሚያስገባው ማሽን) ወይም ለብቻው የቆመ የቁልፍ ሰርቨር ይሰጠዋል።
3. ሶፍትዌሩ ራሱ በባክአፕ ሰርቨሩ ላይ ይመሰጥራል፣ ድራይቩ የመጣለትን ብቻ ይጽፋል።
4. ሶፍትዌሩ ዳታው ባለበት ማሽን ላይ፣ ገና ከምንጩ ይመሰጥራል።

አምስተኛም ነበር፦ በሰርቨሩና በድራይቩ መካከል የሚሰካ የምስጠራ ሳጥን። ድራይቮች ራሳቸው መመስጠር ሲጀምሩ ገበያው ጠፋ። ዛሬ አዲስ ሥራ ለሚጀምር ሰው የሚመከር አይደለም።

በምን እንመዝናቸው?

መመዘኛዎቹን በምሰጣቸው ክብደት ቅደም ተከተል ላስቀምጣቸው።

የመጀመሪያው፣ የምትፈሩት ማንን ነው? መንገድ ላይ የሚጠፋ ሳጥን ብቻ ከሆነ አራቱም ይበቃሉ። ኔትወርኩን የሚያዳምጥ ሰው ወይም ባክአፕ ሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው የራሳችሁ ሠራተኛ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ግን መልሱ ይለወጣል።

ሁለተኛው፣ ቁልፉ የት ይኖራል? ሰርቨሩ ቢቃጠል ቁልፉ አብሮ ይቃጠላል ወይ?

ሦስተኛው፣ ከዓመታት በኋላ ቴፑን ለማንበብ ምን ምን ያስፈልጋል? ቁልፉ ብቻ? ወይስ ቁልፉና ያው ሶፍትዌር? ወይስ እነዚህ ሁሉ እና ያው ላይብረሪ?

አራተኛው የቴፕ ቦታና ሰዓት ነው። ከኮምፕረሽን (ዳታን ጨምቆ ማሳነስ) ጋር በጥብቅ የተያያዘ ስለሆነ ታች በቁጥር እናየዋለን። አምስተኛው ወጪ ነው፦ ላይሰንስ፣ ተጨማሪ ሰርቨር፣ ተጨማሪ ካርትሪጅ (ቴፑ የተጠቀለለበት ማቀፊያ)።

የምስጠራው ጥንካሬ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ሁለቱም ወገን በተለምዶ የሚጠቀመው ኤኢኤስ-256 የተባለውን የምስጠራ ስልት ነው። በ2001 መስፈርት ሆኖ የወጣው ይህ ስልት ተሰብሮ ቴፕ የተነበበበት ሁኔታ አይደለም ሰውን የሚያስቸግረው። የሚያስቸግረው ቁልፉ ነው፦ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ለማይገባው ሰው ይደርሳል።

አንድ፦ ድራይቩ ይመሰጥራል፣ ሶፍትዌሩ ቁልፍ ይሰጣል

ኤልቲኦ በተባለው የቴፕ ዓይነት ቤተሰብ ምስጠራ የገባው በ2007 ከኤልቲኦ-4 ጋር ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ትውልዶች ሁሉ ቀጥለውበታል። ድራይቩም ካርትሪጁም ቢያንስ ኤልቲኦ-4 መሆን አለባቸው። የኤልቲኦ-4 ድራይቭ የኤልቲኦ-3 ካርትሪጅ ላይ ይጽፋል፣ ግን አይመሰጥርበትም። የቆዩ ካርትሪጆችን ቀላቅሎ የሚጠቀም ሰው ይህን ይዘነጋዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዳታው ወደ ድራይቩ ይገባል። ድራይቩ መጀመሪያ ይጨምቀዋል፣ ከዚያ ይመሰጥረዋል፣ ከዚያ ይጽፈዋል። ይህ ቅደም ተከተል የጉዳዩ ግማሽ ነው። የተጨመቀ ነገር መመስጠር ይቻላል። የተመሰጠረ ነገር ግን አይጨመቅም፣ ምክንያቱም ምንም ድግግሞሽ የማይታይበት ዝብርቅርቅ ሆኗል። ምስጠራውን የሚሠራው ለዚሁ የተሰጠ ቺፕ ስለሆነ ፍጥነቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አይሰማም።

ድራይቩ የሚጠቀምበት ጂሲኤም የተባለው የኤኢኤስ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው። ከመመስጠር አልፎ ዳታው አለመነካካቱን ያረጋግጣል። ቁልፉ የተሳሳተ ከሆነ ወይም አንድ ሰው ቴፑን ነካክቶት ከሆነ ድራይቩ ስህተት ብሎ ይመልሳል። ትርጉም የሌለው ዳታ ዝም ብሎ አይሰጣችሁም።

ቁልፉ በድራይቩ ጊዜያዊ ሜሞሪ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል። ኤልቲኦ ቴፑ ላይ የሚጻፈው ቁልፉ ራሱ ሳይሆን የቁልፉ መለያ ነው። መለያው "ይህ ቴፕ በእገሌ ቁልፍ ነው የተዘጋው" ይላል፣ ሶፍትዌሩም ያንን አይቶ ትክክለኛውን ቁልፍ ይልካል። ቴፑን የወሰደ ሌባ መለያውን ቢያነብ ምንም አያገኝም።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ውበት ርካሽነቱ ነው። ድራይቩ ውስጥ ያለ ችሎታ ነው፤ ብዙ የባክአፕ ሶፍትዌሮችም ያውቁታል። አንዳንዶቹ ምስጠራ ስታበሩ ድራይቩ ይችል እንደሆነ ራሳቸው ይፈትሹና ከቻለ ለእሱ ይተዉለታል፣ ካልቻለ በሶፍትዌር ይሠሩታል። ምቹ ነው፣ ግን የትኛው እንደተመረጠ ሎጉ ላይ እዩ። ድራይቭ በተቀየረ ማግስት ባክአፑ ሰዓት መፍጀት ከጀመረ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ድክመቱ ያለው ቁልፉ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ቁልፉ የሚኖረው በባክአፕ ሶፍትዌሩ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ሲሞት ዳታቤዙ አብሮ ይሞታል። በሶፍትዌሩ ውስጥ ቁልፍ ወደ ውጭ የማውጫ መንገድ ካለ ዛሬውኑ አውጡና ከቴፑ በተለየ ቦታ አስቀምጡ። ቁልፉ ከይለፍ ሐረግ የሚወለድ ከሆነ ደግሞ ሐረጉ ረጅም ይሁን። 256 ቢት የሚለው ቁጥር ስምንት ፊደል ያለውን የይለፍ ቃል አያድነውም።

በሊኑክስ በእጅ የሚሠሩ ሰዎች ስቴንክ የምትባለዋን ትንሽ መሣሪያ ያውቋታል። ከፋይል ላይ ቁልፍ አንሥታ ድራይቩ ላይ ትጭናለች። ነጻ ናት፣ ቀላል ናት፣ ማንኛውም ቴፕ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም ከኋላዋ ይሠራል። ግን አንድ ወጥመድ አላት። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ድራይቩ ቢነሣ ቁልፉ የለም። ቁልፍ የሌለው ድራይቭ ደግሞ ሥራ አያቆምም፣ ያለ ምስጠራ ይጽፋል። ባክአፑ "ተሳክቷል" ይላል፣ ቴፑ ግን ክፍት ነው። ስለዚህ ስክሪፕታችሁ ከመጻፉ በፊት የድራይቩን የምስጠራ ሁኔታ ይጠይቅ፣ ካልበራ ይቁም። ይህን መስመር ሳትጨምሩ በዚህ መንገድ አትሥሩ።

ሁለት፦ ድራይቩ ይመሰጥራል፣ ላይብረሪው ወይም የቁልፍ ሰርቨሩ ቁልፍ ይሰጣል

እዚህ የባክአፕ ሶፍትዌሩ ስለ ምስጠራው ምንም አያውቅም። ቴፕ ሲጫን ላይብረሪው ከቁልፍ ሰርቨሩ ቁልፍ ይጠይቃል፣ ለድራይቩ ይሰጣል። ሦስት ዓይነት የባክአፕ ሶፍትዌር በአንድ ላይብረሪ ላይ ለሚጠቀም ድርጅት ይህ እፎይታ ነው። ፖሊሲው አንድ ቦታ ነው፣ አንዱ ሶፍትዌር ምስጠራ ረስቶ መጻፍ አይችልም። ኦዲተሮችም ይህን ይወዱታል፣ ምክንያቱም ቁልፉን የሚይዘውና ባክአፑን የሚሠራው ሰው የተለያዩ ናቸው።

የቁልፍ ሰርቨርና የሚያገለግላቸው መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ኬሚፕ የተባለ መስፈርት ከ2010 ጀምሮ አለ። ላይብረሪውም ሰርቨሩም ኬሚፕ የሚናገሩ ከሆነ ከአንድ አምራች ጋር አትታሰሩም። ቢያንስ በወረቀት ደረጃ። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱ አምራቾች አብረው እንደሚሠሩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ጠይቁ፣ የትኛው የኬሚፕ ሥሪት እንደሆነም ጨምሩ።

ወጪው ይጨምራል። ላይብረሪው ላይ ይህን ችሎታ ለማብራት ብዙ ጊዜ የተለየ ላይሰንስ ይጠየቃል። የቁልፍ ሰርቨር ደግሞ አንድ ብቻ ሊሆን አይችልም። አንዱ ሲወድቅ አዲስ ባክአፕም ሪስቶርም (ዳታን ከባክአፕ መመለስም) ይቆማል፣ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት፣ በሁለት ቦታ። ለትንሽ ላይብረሪ ቁልፎችን በዩኤስቢ ላይ የሚይዙ ኪቶች አሉ። ርካሽ ናቸው፣ ግን ዩኤስቢዋ የጠፋች ቀን ምን እንደሚሆን አስቡ። ሁለት ኮፒ ሠርታችሁ አንዷን ከሕንፃው አውጡ።

ከዚህ አማራጭ ጋር የሚመጣ አንድ ክፉ ወጥመድ አለ። የቁልፍ ሰርቨሩም እንደማንኛውም ሰርቨር ባክአፕ ይደረጋል አይደል? ወደየት? ወደ ቴፕ። ቴፑስ በማን ቁልፍ ተመሰጠረ? በራሱ። ይህ የሳጥኑን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ እንደ መቆለፍ ነው። በሰላሙ ቀን ሁሉም ነገር ስለሚሠራ ማንም አያስተውለውም። ሙሉ ጣቢያው ሲጠፋና ከባዶ ሲጀመር ግን ክቡ አይከፈትም። የቁልፍ ሰርቨሩ ባክአፕ ከቴፕ ላይብረሪው ውጭ፣ በተለየ ሚዲያ፣ በተለየ የይለፍ ሐረግ ይቀመጥ። ሰርቨሩ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነም የሚኖርበት ስቶሬጅ ከእሱ ቁልፍ የሚጠይቅ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ያው ክብ ነው፣ በሌላ በር የሚመጣ።

ሦስት፦ ሶፍትዌሩ በባክአፕ ሰርቨሩ ላይ ይመሰጥራል

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የኤልቲኦ-9 ካርትሪጅ 18 ቴራባይት ይይዛል። ማሸጊያው ላይ 45 የሚለው ዳታው 2.5 ለ1 ይጨመቃል ተብሎ ታስቦ ነው። ሙሉ ቁመት ያለው ድራይቭ በሰከንድ 400 ሜጋባይት ይጽፋል፣ ይህም ከተጨመቀ በኋላ ያለው ልክ ነው።

100 ቴራባይት ዳታ አላችሁ እንበል፣ ግማሽ በግማሽ የሚጨመቅ። ድራይቩ ጨምቆ ከመሰጠረ 50 ቴራባይት ይጻፋል። ሦስት ካርትሪጅ ይበቃል፣ ድራይቩ በሙሉ ፍጥነቱ ከሠራ 35 ሰዓት ገደማ ነው። ሶፍትዌሩ ሳይጨምቅ መስጥሮ ከላከው ድራይቩ የሚጨመቅ ነገር አያገኝም። ሙሉ 100 ቴራባይት ይጻፋል፦ ስድስት ካርትሪጅ፣ ወደ 69 ሰዓት። ዕጥፍ ማለት ነው። ያውም በየባክአፑ።

መድኃኒቱ ሶፍትዌሩ ራሱ መጀመሪያ እንዲጨምቅ ማድረግ ነው። አብዛኞቹ ይህን ይችላሉ። ነገር ግን ጭነቱ ወደ ሰርቨሩ ሲፒዩ ይዞራል። እዚህ ላይ የተለመደ ግምት አለ፣ "ምስጠራ ሲፒዩ ይበላል" የሚል። ድሮ እውነት ነበር። ከ2010 ጀምሮ ግን ለኤኢኤስ የተለዩ ትእዛዞች ሲፒዩዎች ውስጥ ገብተዋል፣ የዘመኑ ሲፒዩ አንድ ኮር ብቻውን በሰከንድ ከ1 ጊጋባይት በላይ ይመሰጥራል። ሲፒዩ የሚበላው መጭመቁ ነው። እንደ ጂዚፕ ያለ የቆየ ዘዴ በአንድ ኮር ዘመናዊ ድራይቭን መመገብ ያቅተዋል። ዜድስታንዳርድ ወይም ኤልዜድ4 ብዙ ጊዜ ይሻላሉ።

ድራይቩ ካልተመገበ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዳታ ሲዘገይ ድራይቩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከዝቅተኛው ልክ በታች ሲሆን ቴፑ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሣል። ይህ መመላለስ ሰዓት ይገድላል፣ ቴፑንም የድራይቩን ሄድም ያደክማል።

ታዲያ ይህን አማራጭ ማን ይመርጠዋል? እውነቱን ለመናገር ከአራቱ ብዙም የማይማርከኝ እሱ ነው። ቁልፉ እንደ አንደኛው አማራጭ ባክአፕ ሰርቨሩ ላይ ነው፣ የድራይቩ ጥቅም ግን ቀርቷል። ሁለት ሁኔታ ላይ ግን ቦታ አለው። አንደኛ፣ ድራይቩ አሮጌ ሆኖ መመስጠር የማይችል ከሆነ። ሁለተኛ፣ ያው ባክአፕ ወደ ዲስክም፣ ወደ ክላውድም፣ ወደ ቴፕም የሚሄድ ከሆነና ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስጠራ ከፈለጋችሁ። በዚህ ጊዜ ቴፑን የሚያነበው ድራይቭ ስለ ምስጠራ ማወቅ የለበትም። ማወቅ ያለበት ሶፍትዌሩ ነው። ይህም በተራው ከሶፍትዌሩ ጋር ያስራችኋል፦ ላይሰንሱ ቢያልቅ፣ ኩባንያው ቢዘጋ፣ አዲሱ ሥሪት የድሮውን ፎርማት ቢተወው ቁልፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ቴፑ አይከፈትም። የመጫኛ ፋይሉን ከቁልፉ ጋር አስቀምጡ።

አራት፦ ከምንጩ መመስጠር

ይህኛው የተለየ ጥያቄ ይመልሳል። ዳታው ከማሽኑ ሲወጣ ጀምሮ ዝግ ነው። ኔትወርኩ ላይ ዝግ ነው፣ ባክአፕ ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ዝግ ነው፣ ቴፑ ላይ ዝግ ነው። የባክአፕ አስተዳዳሪው ቴፑን መጫንና ማውጣት ይችላል፣ ማንበብ ግን አይችልም። በድራይቭ ምስጠራ ይህ አይገኝም። እዚያ ዳታው ድራይቩ በር ላይ እስኪደርስ ድረስ ክፍት ነው፣ ባክአፕ ሰርቨሩን የያዘ ሰው ሁሉንም ይይዛል። የኔትወርኩን ክፍል ብቻ መዝጋት ከሆነ የምትፈልጉት ግን ቲኤልኤስ (የኔትወርክ ግንኙነትን የሚመሰጥር ስልት) ይበቃል፣ ለዚያ ብላችሁ ወደዚህ አትምጡ።

ባለሁለት ቁልፍ አሠራር እዚህ ይመጣል። ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው የሚዘጋው ቁልፍ ብቻ ነው። የሚከፍተው ሌላ ቦታ፣ ከኔትወርክ ውጭ ይቀመጣል። ጂፒጂ የተባለው የምስጠራ ፕሮግራም እንዲህ ይሠራል። ባኩላ የተባለው የባክአፕ ሶፍትዌርም ለእያንዳንዱ ማሽን ጥንድ ቁልፍ፣ በላዩም ማሽኑ ቁልፉን ቢያጣ የሚያድን ዋና ቁልፍ ማድረግ ይችላል። ማሽኑን የሰበረ ሰው የትናንቱን ባክአፕ የሚከፍት ቁልፍ እዚያ እንዳያገኝ ከፈለጋችሁ የሚከፍተውን ከማሽኑ ማራቅ ነው።

ሌላ ጥቅም፦ ለየደንበኛው የተለየ ቁልፍ። የብዙ ደንበኞችን ባክአፕ በአንድ ቴፕ የምትይዙ ከሆነ፣ አንዱ "ዳታዬን አጥፉልኝ" ሲል የእሱን ቁልፍ ማጥፋት ይበቃል። የሌሎቹ አይነካም። በድራይቭ ምስጠራ በተለምዶ ቁልፉ የሚሰጠው በካርትሪጅ ወይም በካርትሪጅ ስብስብ ስለሆነ ይህን ያህል ቀጭን አይሆንም።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። ድራይቩ አይጨምቅም፣ ይህን አይተናል። ዲዱፕሊኬሽን (የተደጋገመ ዳታን አንዴ ብቻ ማስቀመጥ) ደግሞ ይሞታል፦ አንድ ዓይነት ፋይል በሁለት ማሽን ላይ በሁለት ቁልፍ ሲዘጋ ሁለት የማይመሳሰል ነገር ይሆናል። ሃምሳ ማሽን ካላችሁ የሃምሳ ማሽን ቁልፍ ማስተዳደር አለ። እና ሁሉም ነገር ተዘግቷል ብላችሁ አትመኑ። ባኩላ ለምሳሌ የፋይሉን ይዘት ይመሰጥራል፣ የፋይሉን ስምና መንገድ ግን አይመሰጥርም። "የተባረሩ ሠራተኞች ዝርዝር" የሚል የፋይል ስም ቴፑ ላይ በግልጽ ይታያል ማለት ነው። የምትገዙት ሶፍትዌር ስሞችንም ይዘጋ እንደሆነ ጠይቁ። ዳታው አለመነካካቱን የሚያረጋግጥ አሠራር ይጠቀም እንደሆነም ጠይቁ፣ ሁሉም አይጠቀሙም።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ድራይቭ + ሶፍትዌር ቁልፍ | ድራይቭ + የቁልፍ ሰርቨር | ሶፍትዌር በሰርቨሩ | ሶፍትዌር ከምንጩ |
|---|---|---|---|---|
| የጠፋ ቴፕ | ይከላከላል | ይከላከላል | ይከላከላል | ይከላከላል |
| የኔትወርክ ጠለፋ | አይከላከልም | አይከላከልም | አይከላከልም | ይከላከላል |
| የባክአፕ አስተዳዳሪ | አይከላከልም | ቁልፉን አያይም፣ ዳታውን ያያል | አይከላከልም | ቁልፉ ከተለየ ይከላከላል |
| የድራይቭ ኮምፕረሽን | ይሠራል | ይሠራል | አይሠራም | አይሠራም |
| የሲፒዩ ጭነት | የለም ማለት ይቻላል | የለም ማለት ይቻላል | በሰርቨሩ ላይ | በየማሽኑ ላይ |
| ተጨማሪ ወጪ | ትንሽ | ላይሰንስና ሰርቨሮች | ካርትሪጅ ወይም ሲፒዩ | ካርትሪጅና የቁልፍ አስተዳደር |
| ለማንበብ የሚያስፈልግ | ቁልፍ፣ ተስማሚ ድራይቭ፣ ቁልፍ ጫኝ | ቁልፍ ሰርቨር፣ ላይብረሪ፣ ድራይቭ | ቁልፍና ያው ሶፍትዌር | ቁልፍና ያው ሶፍትዌር |
| ዋናው ወጥመድ | ቁልፉ ከሰርቨሩ ጋር መጥፋቱ | የራሱን ባክአፕ መቆለፉ | የቴፕ ብክነት | የሚታዩ የፋይል ስሞች |

ለማን የትኛው?

አንድ ድራይቭና አንድ የባክአፕ ሶፍትዌር ላለው ትንሽ ቢሮ አንደኛውን እመክራለሁ፣ ብዙም ሳላመነታ። ተጨማሪ ነገር መግዛት የለም፣ ቴፕ አይባክንም። ገንዘቡ የተረፋችሁ ከሆነ እሳት ለሚቋቋም ካዝና አውሉት፣ የታተመ ቁልፍ ወይም የይለፍ ሐረግ በታሸገ ፖስታ ይግባበት። አዎ፣ ወረቀት። ወረቀት ፋየርዌር አይፈልግም።

ላይብረሪ ያለው፣ ብዙ ድራይቭና ከአንድ በላይ የባክአፕ ሶፍትዌር የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ወደ ሁለተኛው ይሂድ። ግን ሁለት የቁልፍ ሰርቨር የመግዛት አቅም ከሌለ አይጀመር። አንድ የቁልፍ ሰርቨር ከምንም ይሻላል የሚባል ነገር አይደለም፣ እንዲያውም የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉንም ቴፕ በአንድ ማሽን ዕድሜ ላይ ይሰቅለዋል።

ሕግ ወይም ውል የተረጋገጠ የምስጠራ ሞጁል ከጠየቃችሁ የምትፈልጉት ቃል ፊፕስ 140 (የአሜሪካ መንግሥት የምስጠራ ሞጁል መስፈርት) ነው፣ አሁን ያለው ሥሪት 140-3። "ኤኢኤስ-256 እንጠቀማለን" ማለት "ተረጋግጧል" ማለት አይደለም። ማረጋገጫው ለተወሰነ ሞዴል ከተወሰነ ፋየርዌር ጋር ነው የሚሰጠው። ድራይቩም ሶፍትዌሩም ማረጋገጫ ሊኖራቸው ይችላል፣ ስለዚህ የሰርተፊኬቱን ቁጥር ጠይቃችሁ ራሳችሁ ፈልጉት።

የሌሎችን ዳታ የምትይዙ ከሆነ ወይም ባክአፑን የሚሠራላችሁ የውጭ ድርጅት ከሆነ ከምንጩ መስጥሩ። ለሁሉም ማሽን ግን አይደለም። የደመወዝ፣ የሕክምና፣ የሕግ ዶሴ ያለባቸውን ለይታችሁ እነሱን ብቻ ከምንጩ ዝጉ፣ የቀረውን ለድራይቩ ተዉ። በሙሉ አንድ መንገድ ካልሆነ የሚል ሕግ የለም። እንዲያውም ከምንጩ በተዘጋው ላይም የድራይቩን ምስጠራ አብሩት፦ ፍጥነት አይነካም፣ ያ በግልጽ የሚታየውን የፋይል ስም ይሸፍናል። ሁለት ቁልፍ መጠበቅ ግን ይመጣል።

ቴፕ ለሌላ ድርጅት የምትሰጡ ከሆነ አንድ ነገር አትርሱ። የድራይቭ ቁልፍ የሚዘጋውም የሚከፍተውም ያው ነው። ሁሉም ቴፖቻችሁ በአንድ ቁልፍ ከተዘጉ ለዚያ ድርጅት የሰጣችሁት ለአንዱ ቴፕ ሳይሆን ለሁሉም ነው። ለሚወጣ ቴፕ የተለየ ቁልፍ ፍጠሩ፣ ወይም ከተቀባዩ በሚመጣ የሚዘጋ ቁልፍ በሶፍትዌር መስጥሩ።

ድራይቫችሁ ከኤልቲኦ-4 በፊት የነበረ ከሆነ ምርጫ የላችሁም፣ ሶፍትዌር ነው። ጨምቆ የሚመሰጥረውን ያዙና ድራይቩን ለመቀየር ማጠራቀም ጀምሩ።

ራንሰምዌር (ዳታ ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም) ፈርታችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ የተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ናችሁ። ምስጠራ ማንበብን ይከለክላል፣ ማጥፋትን አይከለክልም። ለዚያ ቴፑን ከላይብረሪው ማውጣት፣ የመጻፍ መከላከያዋን ማንሸራተት ወይም አንዴ ብቻ የሚጻፍበትን የካርትሪጅ ዓይነት መግዛት ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ሙከራ

ከሻጩ የሙከራ ጊዜ ውሰዱ። አንድ ቴፕ ጻፉ። ከዚያ ባክአፕ ሰርቨሩ እንደሌለ ቁጠሩት። ባዶ ማሽን፣ ሌላ ድራይቭ፣ ከካዝና የወጣ ቁልፍ፣ በጽሑፍ ያለ መመሪያ። ሥራውን የሚያውቀው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ይሥራው። መጀመሪያ ያለ ቁልፍ ለማንበብ ይሞክር። በድራይቭ ምስጠራ ከሆነ ስህተት መምጣት አለበት፣ በሶፍትዌር ከሆነ ድራይቩ ያነባል ግን የሚወጣው ዝብርቅርቅ ነው። ግልጽ ዳታ ከወጣ ምስጠራው በርቶ አያውቅም። ከዚያ በቁልፉ ይክፈተው። የትኛው አማራጭ ለእናንተ እንደሚሆን በዚህ ሙከራ የምታዩት ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጣል፣ ምክንያቱም የሚያስቸግራችሁ ደረጃ የትኛው እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ቁልፍ ስትቀይሩ የድሮዎቹ ቴፖች በድሮው ቁልፍ እንደተዘጉ ይቀራሉ። ስለዚህ የመጨረሻው ቴፕ ጊዜው እስኪያልፍ የድሮው ቁልፍ ይቀመጣል። ድራይቩም እንደዚያው። እስከ ኤልቲኦ-7 ድረስ አንድ ድራይቭ ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ያነብ ነበር፣ ኤልቲኦ-8 እና ኤልቲኦ-9 አንድ ትውልድ ብቻ ያነባሉ፣ ኤልቲኦ-10 ደግሞ የራሱን ብቻ። የቁልፍ መዝገባችሁ ላይ ከቁልፉ መለያ ጎን ሦስት ነገር ጻፉ፦ የትኞቹ ካርትሪጆች በእሱ እንደተዘጉ፣ ትውልዳቸውን፣ እና የሚያነባቸው ድራይቭ የት እንዳለ።